አንደኛ የወጣው የገብስ መፈተጊያ

የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ ጎንደር የምንማርበት ኮሌጅ የማሽን ሥራ ውድድር አወጀ። ማስታወቂያው ካፌው በር ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ፈጣሪ ያልሆነ ሰው ማግኘት አስቸገረ። በዕድሜው መፍቻ ጨብጦ የማያውቀው ሁሉ ሜትር በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ርዕሱም ልብ የሚነካ ነበር፤ የደጋ ሴቶችን ድካም የሚያቀል ማሽን። የርዕሱ ኮሚቴ አባላት ሁሉም ወንዶች ነበሩ። የደጋ ሴት ምን እንደሚያደክማት ለማጥናትም ጎርጎራ ወርደው፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበሉ ሰንብተው ተመለሱ።

እኔ የተጣመርኩት ከአንዲት የክፍሌ ልጅ ጋር ነው። የዳባት ልጅ ናት። ወሬ አታበዛም፤ ብየዳ ላይ ግን ከክፍሉ የሚደርስባት አልነበረም። ምን እንሥራ ስላት ብዙም አላሰበች። እናቷና አክስቷ ገብስ በሙቀጫ ሲፈትጉ እያየች፣ ኋላም እያገዘች ነው ያደገችው። ክንድ እስኪዝል ይወቀጣል፣ እብቁ ይነፈሳል፣ ተመልሶ ይወቀጣል። ስለዚህ ገብስ የሚፈትግ ማሽን እንሥራ ተባባልን።

ሲሊንደሩን ከአሮጌ በርሜል ቆረጥነው። ውስጡ የሚሽከረከረውን ዘንግ ከወዳደቀ መኪና አወጣነው። እግሩን ደግሞ መጋዘን ጀርባ ከተከመሩት የተሰባበሩ የዶርም አልጋዎች በየድነው፤ አንደኛው ብረት ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው የአልጋ ቁጥር እንኳ ገና አልለቀቀም ነበር። ቀለም እንቀባው ስላት፣ መጀመሪያ ይሥራ አለችኝ። መጀመሪያ ግን ገብሱን ዱቄት አደረገው። አስተካከልነው ስንል ደግሞ እንደገባ መልሶ ተፋው። እሷ ሳትሰለች የዘንጉን ክንፎች ነቅላ እንደገና ትበይዳለች፤ እኔ እየሰለቸኝ ብረት እይዝላታለሁ። አንድ ቀን ከሥር የወጣውን ገብስ መዳፏ ላይ አሽታ እፍ ስትለው፣ እብቁ በኖ ፍሬው ነጭ ሆኖ ቀረ። መዳፏን ወደ እኔ ዘረጋችው። በኮሌጅ ቆይታዬ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

የዶርሜ ልጅም ገብስ መፈተጊያ ይሠራ ነበር። የከተማ ልጅ ነው፤ ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል፤ እሱም ይህን ያውቃል። ሥራውን የጀመረው ከውጭ በኩል ነው። የሚያምር የላሜራ ሳጥን አሠርቶ ባጃጅ የሚቀባ ጋራዥ ወሰደው፤ እንደ አዲስ ባጃጅ ሰማያዊ ሆኖ እያብረቀረቀ መጣ። ከዚያ ፊቱ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ገጠመለት። ስክሪኑ ማብሪያው ሲነካ በቀይ መብራት የተፈተገውን ገብስ በኪሎ ይቆጥራል። ማሽኑ ውስጥ ግን ዘንግ የለም፣ ወንፊት የለም፣ ምንም የለም። መቼ ነው ውስጡን የምትሠራው ብዬ ስጠይቀው፣ ውስጡ ቀላሉ ሥራ ነው አለኝ።

ውድድሩ በመጀመሪያ የታሰበው ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን የክብር እንግዳ እንደሚሆኑ ሲሰማ ግን ወርክሾፑ ይቆሽሻል ተብሎ ወደ አዳራሽ ተዛወረ። አዳራሹ ቀይ ምንጣፍ፣ አበባና ድምፅ ማጉያ ነበረው። ለሞተር የሚሆን ሶስት ፌዝ መብራት ግን አልነበረውም። ይህን ለአስተባባሪው መምህር ስነግራቸው፣ ማስነሳት አያስፈልግም፣ ዳኞቹ አይተው ይረዳሉ አሉኝ። ቀጥለው የእኛን ማሽን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱትና ግሪሱ ምንጣፉን እንዳያበላሽ በረንዳ ላይ እንድናቆመው አዘዙ። ስለዚህ ማሽን የማምረት ውድድር ላይ የሚሠራ ማሽን ይዘን፣ ጫማ እንደሚወለቅበት ቦታ ከበሩ ውጭ ቆምን።

ረቡዕ ነበር። ኮሚቴው ጠዋቱን በሙሉ የጾምና የፍስክ ምሳ ሲለይ ስላረፈደ ዳኞቹ የገቡት ዘግይተው ነው። በበሩ በኩል አያቸዋለሁ። ሰማያዊው ሳጥን ፊት ሲደርሱ የዶርሜ ልጅ ማብሪያውን ነካው፤ ስክሪኑ ኪሎ መቁጠር ጀመረ። ዳኞቹ ሦስቱም አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስረዘሙ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ፍሬ ገብስ አልነበረችም፤ ገብሱ የት አለ ብሎ የጠየቀም አልነበረም። ወደ እኛ የመጡት ለምሳ ሲወጡ ነው። አንደኛው ዳኛ ቆም ብሎ ዝገቱን በጣቱ ጫር አደረገና፣

“ይሄ ሲያልቅ ቀለም ይቀባል?” አላት።

“አልቋል። ይፈትጋል” አለችው።

ፈገግ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና ምሳውን ፍለጋ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ውጤት ተነገረ። ሰማያዊው ሳጥን አንደኛ ወጣ። ለእኛ የተሳትፎ ሰርቲፊኬት ተሰጠን፤ እሱም ላይ የማሽናችን ስም “የገብስ መጋገሪያ” ተብሎ ተጽፏል። የክብር እንግዳው ተነስተው ረጅም ንግግር አደረጉ። በንግግራቸው መሐል ስሜታቸው ገነፈለና፣ ይህ አሸናፊ ማሽን በቅርቡ ዳባት አካባቢ ላለ አንድ የሴቶች ማኅበር በካሜራ ፊት ይበረከታል ብለው ቃል ገቡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የዶርሜ ልጅም ያጨበጭብ ነበር፤ ነገሩ ሲገባው እጆቹ አየር ላይ ቀሩ።

ማታ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

“ውስጡ ባዶ ነው” አለኝ፣ እኔ የማላውቅ ይመስል።

ቀላሉን ሥራ ነው የተውከው፣ ቶሎ ይደርሳል አልኩት። ልቤ ጮማ ቆረጠ ብል ውሸት አይሆንም። ሳጥኑን ተሸክሞ ዳባት እንዲወጣ፣ ሴቶቹ ፊት ስክሪኑን እንዲያበራና ገብስ ሲያፈሱበት ምን እንደሚል ለማየት ቸኩዬ ነበር። በማግስቱ ይህንኑ ለባልደረባዬ እየሳቅኩ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። የተባለው ማኅበር አክስቷ ያለችበት ነው።

“አንተ እሱ ላይ እንድትስቅ እነሱ ከሙቀጫው ጋር ይቅሩ?” አለችኝ።

መሳቄን ተውኩ። እሷ ግን አስባ ጨርሳ ነበር። የእኛ ማሽን በእሱ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ዳባት ላይ የምታንቀሳቅሰውም እሷ ራሷ ትሆናለች። ስክሪኑም ይነቀል ብላ ነበር፤ የዶርሜ ልጅ ግን ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጥቷል ብሎ ሊያለቅስ ሲደርስ ለስክሪኑ ምሕረት አደረገችለት። ወርክሾፕ ገብተን ሳጥኑን በግራይንደር መቁረጥ ስንጀምር፣ ሰማያዊው ቀለም እየተቃጠለ በተንከባለለ ቁጥር የዶርሜ ልጅ የራሱ ቆዳ የሚገፈፍ ይመስል ፊቱን ያዞር ነበር። ከሁሉም ያስቸገረን እግሩ ነው። አልገባ ስላለ እንዳለ ከሥር ወጥቶ ቀረ።

ዳባት ስንደርስ ሴቶቹ ገብሳቸውን በጆንያ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ብርድ ላይ ይጠብቁ ነበር። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ባለሥልጣኑ ማሽኑን ሲዞሩ ዓይናቸው እግሩ ላይ ያለው የአልጋ ቁጥር ላይ ቆመ። ምንድን ነው ብለው ጠየቁ።

“የሞዴል ቁጥሩ ነው ክቡርነትዎ” አለ የዶርሜ ልጅ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ካሜራማኑን ጠርተው ቁጥሩን ከቅርብ እንዲያነሳው አዘዙ።

ጀነሬተሩ ተነሳ። ማብሪያው ሲነካ ስክሪኑ ወዲያው ኪሎ መቁጠር ጀመረ። የባልደረባዬ አክስት ጆንያዋን እንደያዘች ቀረብ ብላ አየችው።

“ምነው ልጄ፣ ገና ሳንጨምርበት ይቆጥራል?” አለች።

የዶርሜ ልጅ ስለ ሴንሰር ማስረዳት ሊጀምር አፉን ከፈተ።

“እሱ መብራት ነው እቴቴ” አለች ባልደረባዬ ቀድማው። “አንቺ ከሥር የሚወጣውን እዪ።”

ገብሱ ገባ። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና ተረጋጋ፤ እብቁ በጎን እየበነነ የድንኳኑን ምንጣፍና የእንግዶቹን ኮት አለበሰ። አክስቷ ከሥር አንድ እፍኝ ዘግና አሸችው፣ እፍ አለችው፣ ከዚያም ጥቂቱን ወደ አፏ ጣል አደረገች።

“ሸጋ ነው” አለች፤ ጆንያዋንም ገለበጠችው።

ከዚያ በኋላ ሰልፉን ያቆመው የለም። ባለሥልጣኑ ለንግግር ሲነሱ አንድ የፕሮቶኮል ሰው ማሽኑ እንዲጠፋ በእጁ ምልክት ሰጠ። ባልደረባዬ አይታዋለች፤ እንዳላየች ሆና የሞተሩን ቺንጋ መመርመር ያዘች። ባለሥልጣኑም ንግግራቸውን እስከ መጨረሻው አነበቡት። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይተናል፤ አንድ ቃል የሰማ ግን የለም። እኔ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ማሽኑ እዚያው ቀረ፤ ዛሬም ይፈትጋል ይባላል። ባልደረባዬም ሴቶቹን ኩሽኔታውን እንዴት ግሪስ እንደሚቀቡ ላሳያቸው ብላ አክስቷ ቤት አደረች።

እኔ በእንግዶቹ መኪና፣ በዶርሜ ልጅና በተጠቀለለው ባነር መሐል ተጨናንቄ ወደ ጎንደር ተመለስኩ። አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ እጄን ይዞ ሲያመሰግነኝ፣ ወንድሜ ነህ፣ ውለታህን አልረሳም ሲለኝ መጣ። ከከተማዋ እንደወጣን ባለሥልጣኑ ከፊት ወንበር ዞር አሉና እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቁት።

“ረዳቴ ነው” አላቸው።

ውጭው መሽቷል፤ ዝናብም ጀምሯል፤ መኪናው የእነሱ ነው፤ ጎንደር ደግሞ ገና ሩቅ ነበር። አንገቴን ዝቅ አድርጌ በትሕትና እጅ ነሳሁ።