ያልረገፈው ጥቁር

አማቴን በፋብሪካው ግቢ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። "እትዬ አራግፉ" ነው የሚሏቸው። ሠራተኛው ከፈረቃ ወጥቶ ቱታውን ሊያስረክብ ሲመጣ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ ቆመው ገና ከሩቅ "አራግፉ!" ይላሉና። ሰላምታቸውም እሱው፣ ስንብታቸውም እሱው ነው። አንድ ቀልደኛ ፈረቃ መሪ "እትዬ፣ እኔ የሞትኩ ዕለትም ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት አራግፉት ይላሉ" ቢላቸው፣ "አንተንማ ሁለት ጊዜ ነው የማስራግፈው!" ብለውታል።

ፋብሪካው ከተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጂን ያወጣል። ሥራ የጀመሩ ሰሞን "አንቺ አሥራ ሁለተኛን የጨረስሽ ነሽ፤ እስቲ የማጥበው ነገር ምን እንደሆነ አስረጂኝ" አሉኝ። የልጄን መጫወቻ ኳሶች አመጣሁና አንድ ጥቁር መሃል ላይ፣ አራት ነጫጭ ዙሪያውን አድርጌ ምንጣፉ ላይ ደረደርኩላቸው።

"ጋዙ ይሄ ነው፤ ሚቴን ይሉታል። ጥቁሩ ካርቦን፣ ነጮቹ ሃይድሮጂን ናቸው። ቢቃጠል ጥቁሩ ከአየር ጋር ተያይዞ፣ በዓይን የማይታይ ጋዝ ሆኖ ወደ ላይ ይሄዳል። ዓለሙን አሞቀው የሚባለው እሱ ነው። እናንተ ጋ ግን አያቃጥሉትም። አየር በማይገባበት እቶን ውስጥ በኤሌክትሪክ በኃይል ያግሉታል፤ ያኔ ይለያያሉ። ነጮቹ በቱቦ ይሄዳሉ፣ ጥቁሩ ዱቄት ሆኖ ከታች ይቀራል።"

ልጄ ነጮቹን ሰብስቦ ሮጠ። አማቴ የቀረውን ጥቁር ኳስ አንስተው አገላብጠው አዩት።

"ነጩን ሌላው ይወስዳል፣ ጥቁሩን እኔ አጥባለሁ። የኔ ነገር መቼም!" ብለው ሳቁ።

ከዚያ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥበዋል። እዚህ ሲመጡ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቱታዎች አበላሹ። ዱቄቱ ከየትኛውም ዱቄት የላመ ስለሆነ፣ ሳይራገፍ ውሃ ከነካው ክሩ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ ሳሙናም አያወጣው። ይህንን ማንም አልነገራቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የደረሱበት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ አየር ከሚስበው ማራገቢያ ሥር ማራገፍ፣ ቀጥሎ ከአንገትጌ ወደ ታች በደረቅ ብሩሽ መጥረግ፣ ማሽን ውስጥ መክተት መጨረሻ ላይ ነው። ጭንብላቸውን ሳያደርጉ ብሩሽ አይነኩም። ቤት ሲመጡም ልብስ ሳይቀይሩ የልጅ ልጃቸውን አያቅፉም፤ እሱ እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ቢያለቅስም "ቆይ የኔ ጌታ፣ አያትህ ገና አልተራገፈችም" ይሉታል።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ዓመት፣ ለጡረታቸው ሦስት ዓመት ሲቀራቸው ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ያራገፏቸው ቱታዎች አልራገፍ አሉ። ዱቄቱ መብነኑ ቀርቶ እጃቸው ላይ እንደ ቅባት ተለቀለቀ። ቢያጥቡት ግራጫ ሆኖ ወጣ። ማክሰኞም እንደዚያው፣ ረቡዕም እንደዚያው። ሠራተኞቹ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ከማጠብዎ በፊት ይሻል ነበር" ብለው ማጉረምረም ጀመሩ። ቅሬታው ንብረት ክፍል ደረሰ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ወረቀት ካየ ሰው አይታየውም። ሁለት የተበላሹ ቱታዎች በብብቱ ይዞ መጣ።

"እትዬ፣ ሳያራግፉ ነከሯቸው አይደል?"

"እኔ? እኔ አራግፉ ሳላራግፍ?"

"እንግዲህ ዕድሜም አለ፤ ክንድ ይደክማል። የውጭ ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ሥራውን ስጡኝ ካለ ቆይቷል። ሰኞ እንወስናለን።"

የዚያን ዕለት ቤት ሲገቡ ፊታቸው የእሳቸው አልነበረም። ልብስ ቀየሩ፣ ልጁን አቀፉ፣ ግን ለሚያወራቸው ሁሉ "እሺ፣ እሺ" ብቻ ነው መልሳቸው። አልጠየቅኋቸውም፤ ሲጠይቋቸው ይበልጥ እንደሚዘጉ አውቃለሁ። በኋላ ራሳቸው አወሩት።

"ክንዴ እውነት ደክሞ ይሆን እንዴ? ሳይታወቀኝ?"

"የተበላሹት ሁሉም ናቸው?" አልኳቸው።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሁሉንም የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት። ክንድ ከሆነ የደከመው ሁሉም መበላሸት አለበት።"

የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡ። እቶኖቹ ሁለት ናቸው፤ ሠራተኛው በየትኛው ሥር እንደሚሠራ አንገትጌው ላይ በቀይ ክር ቁጥር ተጽፏል። ዓይናቸውን ጨፍነው የሰሞኑን ቱታ በሐሳባቸው አንድ በአንድ ገለጡ።

"ሁለት" አሉ ቀስ ብለው። "የተበላሸው ሁሉ ሁለት ቁጥር ነው። የአንድ ቁጥሩማ እንደ ድሮው ብን ብሎ ነው የሚሄደው። አንድ ውሃ፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ ማሽን!" ከዚያ አፍንጫቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "ደሞ ይሸታል። ድሮ ምንም ሽታ አልነበረውም። ቁም ሳጥን ውስጥ ለብል የሚቀመጠውን ነጭ ክብ ነገር ታውቂው የለ? እሱን እሱን ይላል።"

"ነገ የእቶኖቹን መሐንዲስ ሄደው ያነጋግሯት።"

"እኔ ልብስ አጣቢዋ? ምን ልላት? እቶንሽ ይሸታል?"

"አዎ፣ እንደሱ ይበሏት።"

ሐሙስ ጠዋት ከየቁጥሩ አንድ አንድ ቱታ ይዘው ሄዱ። መሐንዲሷ ወጣት ናት፤ ስልክ እያወራች በእጇ "ይቀመጡ" አለቻቸው። አልተቀመጡም። ስልኩን ስትጨርስ የአንድ ቁጥሩን ቱታ ፊቷ አራገፉት፤ ጥቁሩ ብን ብሎ ጠረጴዛዋን ሞላው።

"ኧረ እትዬ፣ ወረቀቴን!"

"ይቅርታ ልጄ። አሁን ይሄን ዳስሺው።"

የሁለት ቁጥሩን ዳሰሰች። ጣቶቿን አፋተገች። አሸተተች። ድጋሚ አሸተተች፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ቀጥ አለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሰኞ።"

"ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም?"

"ማን ጠይቆኝ?"

አማቴ እንደነገሩኝ፣ መሐንዲሷ ከዚያ በኋላ እየሮጠች ነው የወጣችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው እቶን ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ከሦስቱ ቀናት ይልቅ ከበዱ። እቶኑ ቀዝቅዞ እስኪከፈት መጠበቅ ነበረብን። አማቴ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። "ምንም ባይገኝበትስ? ቱታ ማበላሸቷ ሳያንሳት እቶን ያስቆመች ልብስ አጣቢ ልባል ነው!" የማጥበውን ድስት ነጥቀው ያጥባሉ፤ ያጠቡትን መልሰው ያጥባሉ። እኔ "ይገኛል" እላቸዋለሁ እንጂ እኔም ስልካቸውን ደጋግሜ አያለሁ። መክሬ የላክኋቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ስልካቸው ጮኸ። መሐንዲሷ ናት። እጃቸው ሳሙና ስለነበር እኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው።

"እትዬ፣ ከማሞቂያዎቹ አንዱ ተበጥሷል። የሙቀት መለኪያው ደግሞ በካርቦን ተሸፍኖ የድሮውን ቁጥር ነው የሚያሳየን። የሃይድሮጂኑ መጠን ትንሽ ቀነስ ሲል አይተን ነበር፣ የመሣሪያ ስህተት ነው ብለን አለፍነው። እቶኑ በአንድ ጎኑ በደንብ ስላልጋለ ጋዙ ሙሉ በሙሉ አልተለያየም፤ ከፊሉ ሬንጅ የሚመስል ነገር ሆኖ ከዱቄቱ ጋር ይወርዳል። ያ ነው ቱታው ላይ የተለጠፈው። መውጫ ቱቦው በሱ ተደፍኖ እጅ የማያስገባ ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው። ሌላ ሳምንት ብንቆይ ግፊቱ የት እንደሚወጣ እግዜር ይወቀው። ከሥሩ ስድስት ሰው ነው የሚሠራው።"

አማቴ የሳሙና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ታዲያ ክንዴ አልደከመም ማለት ነው?"

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። "አልደከመም እትዬ። አፍንጫዎም አልደከመም።"

"እና ሰኞ የሚወሰነውስ?"

"እሱን ከንብረት ክፍል ጋር ጨርሼዋለሁ። ማጠቢያው የትም አይሄድም፣ እርስዎም የትም አይሄዱም። ከሰኞ ጀምሮ ግን ፈረቃ መሪው ሥራ ከማስጀመሩ በፊት እርስዎ ጋ መጥቶ 'እንዴት አደረ?' ይልዎታል። ዱቄቱን ማለቴ ነው። መዝገብ ላይ ይፈርማል።"

"ይምጣ። ግን አራግፎ ይምጣ።"

ስልኩን ስዘጋው አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ብለው ሲያዩኝ ግን እየሳቁ ነው። "አንቺ ልጅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የያዝኩት ትንፋሽ አሁን ነው የወጣው" አሉኝ። ምሳ ቀርቦላቸው ጠግበው በሉ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ሁለተኛ ጊዜ አስጨምረው ሳይጨርሱ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ጣላቸው። ልጄ ሊቀሰቅሳቸው ሲንደረደር ያዝኩት። ማንኮራፋታቸውን ሰምቶ እኔን አየኝ፤ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። እሱም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና አጠገባቸው ወጥቶ ተጋደመ።

መስኮቱን በቀስታ ዘጋሁላቸው። እስከ ምሽት አልነቁም።