የሠርግ ሱፌን ያሳገደው ፊልም

«ወላሂ አልሰፋውም» አለኝ ኢብራሂም፣ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ።

የማይሰፋው የሠርጌን ሱፍ ነው። ጨርቁ ተቆርጧል፣ እጅጌው ለብቻ፣ ሱሪው ለብቻ ተዘርግቷል... ሠርጌ ለዳግም ትንሣኤ ነው፣ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም። አንዱ የቆረጠውን ሱፍ ደግሞ ሌላ ሰፊ አይነካም። ምን አድርጌው መሰላችሁ? በፊልም ተጣልተን ነው።

ጊዜው ደርግ ነው፣ አገሩ ሸዋ ሮቢት። እኔ አስተማሪ፣ ኢብራሂም ልብስ ሰፊ፣ ሁለታችንም የህንድ ፊልም እብዶች። ሲኒማ ቤት ግን የለንም። ታዲያ ፊልሙን የት ታያላችሁ ካላችሁኝ... አናይም። ጋሽ አሊ ይነግሩናል።

ጋሽ አሊ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። አዲስ አበባ ባደሩ ቁጥር ሲኒማ ይገባሉ። በማግስቱ እኛ ከተማ ምግብ ቤት ገብተው ምሳ ሲበሉ ያዩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካሉ። ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ፣ ዘፈኑንም ይዘፍኑታል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጉርሻውን እንደያዘ ይቀራል።

ያን ዓመት ሁለት ፊልም ነገሩን። አንዱ ልጁን ከቤት ያባረረ የባቡር ነጂ ታሪክ ነው። ባቡሩ ሲቃጠል ልጁ ለካ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነው፣ አባት እሳት ውስጥ ገብቶ ያወጣዋል። መጨረሻ ላይ እናትየዋ ጣቢያው ድረስ መጥታ የአባትየውን የተቃጠለ እጅ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥብለታለች። ጋሽ አሊ እዚህ ላይ ብርጭቆ አንስተው በገዛ እጃቸው ላይ ውሃ ሲያፈሱ እኔ አለቀስኩ።

ሌላው የሽፍታ ፊልም ነው። ሽፍታው የከዳውን ወንድሙን ሊገድል ሽጉጥ ደቅኖ፣ ድንገት በልጅነት ስሙ ጠርቶት ይቅር ይለዋል። ኢብራሂም ካራቆሬ ካለው ታላቅ ወንድሙ ጋር ከተኳረፈ ሁለት ዓመት አልፎት ስለነበር በዚች ጥሪ ልቡ ጠፋ።

ጋሽ አሊ ነገሩን ሲያባብሱት፣ ህንድ አገር ለዓመቱ ምርጥ ፊልም ሽልማት እንደሚሰጥ፣ ሁለቱም እንደታጩ፣ ውጤቱንም ሬዲዮ ቅዳሜ በኪነ ጥበብ ዝግጅቱ እንደሚናገር አወሩን። ከዚያ ወዲያ ሰላም ጠፋ። እኔ «እናትየዋ» ስል፣ እሱ «ወንድምየው» ሲል ሰነበትን። አንድ ቀን፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ «አንተ ከክርና ከቁልፍ ሌላ ምን ታውቃለህ?» አልኩት።

ሱፉ የታገደው በዚህ ነው።

«ሽልማቱ ይዳኘን» አለ። «የኔ ካሸነፈ ምግብ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ስለ ፊልም አላውቅም ትላለህ። ያኔ እሰፋዋለሁ።»

«የኔ ካሸነፈስ?»

«ቤትህ ድረስ አምጥቼ እኔው አለብስሃለሁ።»

አንገበገበኝ። ፊልሙን በዓይኔ አይቼ፣ ማስረጃዬን ይዤ ልመጣ ቆረጥኩ። ለቀበሌው ሊቀመንበር «የሠርግ ዕቃ ልገዛ ነው» ብዬ የይለፍ ወረቀት አጻፍኩ፣ የጣርማ በርን ብርድ በቆላ ልብስ እየተንቀጠቀጥኩ አለፍኩና አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ።

ባቡሩ መጣ። ተቃጠለ። አባትየው ልጁን አወጣ። እኔ መሐረቤን አዘጋጅቼ እናትየዋን ስጠብቅ... መብራት በራ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ወጣ።

በር ጠባቂውን ያዝኩት። «እናትየዋስ?»

«የቷ እናት?»

«እጁን የምታጥብለት ናታ። ቆርጣችሁ የት ጣላችኋት?»

«ወንድሜ፣ ፊልሙ ይኸው ነው። እናትየዋ ገና ሲጀምር ሞታለች እኮ።»

እውነቱን ነው፣ መጀመሪያ ላይ የአንዲት ሴት ቀብር ነበር። እኔ የልጁ አክስት መስላኝ ነበር።

ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ስገባ ጋሽ አሊ ምሳ ላይ ናቸው። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም።

«ጋሼ፣ እናትየዋ ሞታለች።»

«አውቃለሁ» አሉ እያላመጡ።

«ታዲያ ከየት አመጧት?»

«ልጄ፣ ያ ሰውዬ እጁ ተቃጥሎ ብቻውን ወደ ቤቱ ሲሄድ አላስቻለኝም። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ስነዳ እሱኑ ሳስብ መጣሁ። ጣርማ በር ስደርስ ሚስቱን አመጣሁለት።»

ደሜ ፈላ። በሌለች ሴት ስሟገት ከርሜ፣ በሌለች ሴት ሠርጌ ሊበላሽ!

«የኢብራሂም ሽፍታስ? ወንድሙን ይቅር ይላል?»

«እሱን አላየሁትም» አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። «ትኬት አልቆ ነበር። ደጅ የተለጠፈውን ሥዕል አይቼ ነው ያበጀሁት። ሁለት ሰው ነው፣ አንድ ሽጉጥ።»

በቃ፣ ኢብራሂም አለቀለት ብዬ ወደ ሱቁ በረርኩ። ስገባ ጆሮውን ሬዲዮ ላይ ደፍቷል፣ በእጁ ዝም በል አለኝ። የሬዲዮዋ ሴትዮ የአሸናፊውን ፊልም ስም ጠራች። የኔም አይደለም፣ የሱም አይደለም። የሆነ የዓሣ አጥማጅ ታሪክ ነው አለች።

ኢብራሂም ሬዲዮኑን ዘጋው። «ዓሣ አጥማጅ? ጋሽ አሊ ያልነገሩንን ፊልም እንዴት ይሸልማሉ?» አለ። «ያ ሽፍታ ወንድሙን በልጅነት ስሙ ሲጠራው አላዩም ማለት ነው?»

ነገሩ ምላሴ ላይ ደርሷል። ፊቱን አየሁና ዋጥኩት።

«አላዩም» አልኩት። አልዋሸሁም።

«ያንተ እናት እንኳ ከዓሣ አጥማጅ ትሻል ነበር» አለ፣ ሜትሩን ከአንገቱ እያወረደ። «ና ቁም፣ እጅጌውን ልሞክርብህ።»

ሱፉን የሰፋው ህንዶቹን እየተራገመ ነው፣ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያገዝኩት።

እንደ ጋሽ አሊ ያለ ሰው ሳይሰሙ የፈረዱትን ዳኞች እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።