በደቻቱ አሸዋ ላይ የተፈተነችው ፔጆ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። የኢንሹራንስ ቢሮው የአደጋ ግምት ክፍል ኃላፊ ጓድ ግርማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ግቢው ውስጥ የቆመች፣ ከኋላዋ የተገጨች መኪና እያሳየ «ግቢ» አለኝ። በሩን ልከፍት ስል «ውስጥ አይደለም፤ ከሥር» አለ።

ገባሁ። ስወጣ ሸሚዙ ሸሚዝነቱ ቀርቷል። «ምን አየሽ?» ሲለኝ ፓራውልቱ መርገፉን፣ መብራቶቹ መሰባበራቸውን ነገርኩት። «እሱንማ እኔም ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ተመለሺ» አለኝ። ሁለተኛ ስገባ ሻንሲውን፣ ማለትም መኪናዋን የተሸከሙትን ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ በእጄ እየዳበስኩ ሄድኩ። አንደኛው ላይ የተጨማደደ ቦታ ጣቴ ላይ መጣ። ይህን ስነግረው ቱታ እንዲሰጠኝ አዘዘ።

አባቴ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ስለነበረ ብረት አላስፈራኝም። ያስቸገረኝ ሰዉ ነው። ድሬ ደግሞ ቀልድ አትችልም አይባልም። ሴት ልጅ መኪና ሥር ተኝታ ማየት ያልለመዱት የጋራዥ ልጆች «ገማቿ መጣች፤ ሥራዋ ላይ የሚታየው እግሯ ብቻ ነው» ይሉኛል። እኔም ምላሴ አጭር አይደለም። «እናንተስ ሥራችሁ ላይ ጭንቅላት መቼ ታይቶ ያውቃል?» እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ክሪኩን ራሳቸው ያቀብሉኛል።

ከፊት የተገጨ መኪና ጉዳቱን አይደብቅም። ከኋላ የተገጨ ግን አታላይ ነው። ዕቃ መጫኛው እንደ ወረቀት ተጨማዶ ሻንሲው ደህና ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፓራውልቱ ብቻ የተነካ መስሎ ወለሉ ተሰብሮ ይገኛል። ስለዚህ ምንጣፉን እንገልጣለን፣ የትርፍ ጎማውን ማስቀመጫ እናያለን፣ የኋላ በሮችን ከፍተን እንዘጋለን። በሩ ካልጠመመ ተስፋ አለ።

ያም ሆኖ የሚያጠራጥር ሲሆን ጓድ ግርማ ጥንት ከሠራበት የአርመን ጋራዥ የተማረውን ዘዴ አስተማረኝ። ጎርፍ ካልወረደ ውሃ የሌለው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በጎርፍ ማግሥት እርጥብና ጠንካራ ይሆናል። መኪናዋን እዚያ አውርደህ ቀጥ አድርገህ ትነዳታለህ፤ ከዚያ ወርደህ የጎማዎቹን መስመር ታያለህ። ፔጆ በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ስፋት ከፊቶቹ ትንሽ ይጠባል። እንግዲህ የኋላው መስመር በግራም በቀኝም እኩል ወደ ውስጥ ገባ ካለ ደህና ናት። በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው ከገባ ግን ጎድኗን አዙራ ትሄዳለች ማለት ነው፤ እንዲህ ያለችው ላይ ሰው ጭነህ ዳገት አትወጣም።

አቡበከር በከተማው የታወቀ ታክሲ ነጂ ነበር። ከሐዲዱ ማቋረጫ ላይ ቆሞ ባቡር ሲያሳልፍ፣ ከኋላው እህል የጫነ መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት መጥቶ ፔጆዋን ገጫት። ተሳፋሪ አልነበረም፤ እሱም ተርፏል። የመኪናዋ ኋላ ግን እስከ ወንበሩ ድረስ ገብቷል።

ጓድ ግርማ ፎቶግራፉን እንዳየ «ከጥቅም ውጪ ናት፤ ትወገድ» አለ። ምክንያት ነበረው። ቀደም ብሎ ትጠገን ያላት አንዲት መኪና ደንገጎ ዳገት ላይ የኋላ ጎማዋ ተነቅሎ፣ በስብሰባ ላይ ሂስ ሲወርድበት ዋለ። ከዚያ ወዲህ የተገጨ መኪና ሲያይ ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ስብሰባው ነው።

አቡበከር ቢሮ ድረስ መጣ። ድሬ አንቱታ አታበዛም፤ ወንበር ስቦ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«አባዮ» አለኝ፤ በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው። «ካሳውን እንስጥህ ትሉኛላችሁ። ምን ላርገው? ገንዘብ ይነዳል እንዴ? መኪና ዛሬ ከየት ይገዛል? ወላሂ እሷ ከተወገደች እኔም አብሬ ተወገድኩ።»

እውነቱን ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ መኪና ማስገባት እንደ እሱ ላለ ሰው የማይታሰብ ነበር። «ነገ ቤትህ መጥቼ አያታለሁ፤ እስከዚያ እንዳትነካት» አልኩት።

በማግሥቱ ሳቢያን ሰፈር እቤቱ ስደርስ ፔጆዋ ታጥባ ጠበቀችኝ። እንግዳ ይመጣል ሲባል ቤት እንደሚጠረገው ማለት ነው። ይባስ ብሎ የገባው ኋላዋ ወጣ ብሏል። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ከሮቃ ዛፍ ጋር በሰንሰለት አስሯት፣ ጓደኛው በጭነት መኪና ከፊት ጎትቶ «አቅንቷታል»።

«ምነው፣ አማረባት አይደል?» አለኝ አቡበከር፤ ፊቱ በርቷል።

ደሜ ፈላ። «ኩል ልኳል ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው! እንዳትነካት አላልኩህም?»

«አቦ እኛ እኮ አልነካናትም፤ ጎተትናት እንጂ።»

ቁጭ ብዬ ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። መኪና ከግምት በፊት የነካካ ሰው ካሳው ሊቀርበት እንደሚችል አላወቀም። ሊረዱት የመጡት ጎረቤቶቹም አላወቁም። አሁን መኪናዋንም ካሳውንም ሊያጣ ነው።

ለጓድ ግርማ የሆነውን አልደበቅኩም። «በቃ» አለ። «ሰው የነካካው ነገር አይገመትም። ጥገናም የለ፣ ካሳም የለ። ፈርመሽ ጨርሺው።»

«ፔጆዋ አሸዋ ላይ ሳትሄድ አልፈርምም።»

«ያስተማርኩሽን መልሰሽ በእኔ ላይ?»

«ያስተማሩኝ እንድሠራበት አይደለም እንዴ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ፣ አልፈርምም ማለት ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? አሻጥር ይባላል።»

ይህ ቃል በዚያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም። ሰው ከቢሮው ተጠርቶ ወጥቶ የማይመለስበት ቃል ነው። ፈራሁ። ግን አቡበከር ያጠፋው ባለማወቅ ነው፤ ሳልፈትሽ ብፈርም ደግሞ እኔ የማጠፋው እያወቅኩ ነው። «ከፈለጉ አብረው ይምጡና ይዩ» አልኩት። እሱም «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ብሎ ኮቱን አነሳ።

ሌሊቱን ጎርፍ ወርዶ ስለነበር አሸዋው ደህና ነው። የፔጆዋ ታንከር ስለተቀደደ ቤንዚኑን ከጀሪካን በቱቦ አገናኘንላት። የአቡበከር ጎረቤቶች ተከትለው መጥተዋል፤ ወደ ቀፊራ ገበያ ዕቃ የተሸከሙ ሴቶች ሳይቀሩ ቆመው ያያሉ። አቡበከር ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ ነዳት።

ጎንበስ ብዬ መስመሩን አየሁ። የኋላው ጎማ በቀኝ ወጥቷል፣ በግራ ገብቷል። «ይኸው» አለ ጓድ ግርማ። አቡበከር ከመኪናዋ ሳይወርድ ፊቴን አይቶ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

እኔ ግን ሥር ገባሁ። ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስኩት፤ መጨረሻው ላይ ካልሆነ በቀር መጨማደድ የለም። ታዲያ ምኗ ነው የጠመመው? ወደ ኋላው አክስል ዞርኩ። በግራ በኩል ቀለሙ ተልጦ ብረቱ አብረቅርቋል፤ የሰንሰለት ቀለበት ልኩን ትቶበታል።

«ሰንሰለቱን የት ነው ያሰራችሁት?» ብዬ ከሥር ጮህኩ።

«ጠንካራው ላይ! ጎማዎቹን የያዘው ብረት ላይ!» አሉ ጎረቤቶቹ በኩራት።

ገባኝ። ሰውነቷን እናቅና ብለው አክስሏን ነው የጎተቱት። አክስሉን ከወለሉ ጋር የሚያያይዘው የግራ ክንድ ታጥፏል። እሱ ደግሞ በብሎን ይፈታል። የሻንሲዋ ጉዳት ከጫፉ አያልፍም ማለት ነው።

ጓድ ግርማን ጠራሁት። ኮቱን አውልቆ አሸዋው ላይ ተኛና በባትሪ አየው። ብዙ አልተናገረም፤ «ይቀየርና እንደገና ትሂድ» አለ።

የጋራዥ ልጆች እነሱ ጋ ከወደቀች ሌላ ፔጆ ክንዱን ፈትተው በጋሪ እስኪያመጡት ፀሐይዋ አሸዋውን አደረቀችው። ደረቅ አሸዋ መስመር አይዝም። «በሉ፣ መርዳት ከወደዳችሁ አሁን ነው» አልኳቸው ጎረቤቶቹን። በሰንሰለት የጎተቱት ሁሉ ከወንዙ ጉድጓድ ውሃ በጀሪካን እየቀዱ መንገዱን አራሱልን። ከክንዱ ጋር የመጣው ባትላሜራ፣ የመኪና አካል ቀጥቅጦ የሚያቀናው፣ እና እኔ ተኝተን ብሎኑን አጠበቅን።

አቡበከር እንደገና ነዳት። ጓድ ግርማ ተንበርክኮ በስንዝሩ ግራውን ለካ፤ ቀኙን ለካ፤ ተመልሶ ግራውን ለካ። እኩል ነበር።

«ትጠገን» አለ። «ክንዱን ግን ከራሱ ኪስ ይክፈል።»

«አቦ፣ ከፈለግክ የራሴንም ክንድ ቁረጥ!» አለ አቡበከርና አንቆ ሳመው። ጓድ ግርማ አሸዋውን እያራገፈ ሊቆጣ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እኔ ፊቴን ወደ ወንዙ ዳር አዙሬ አለቀስኩ። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቱ የወጣልኝ ያኔ ነው።

ለዚህ ሙያ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ብቻ ነው። ከኋላ የተገጨ መኪና ሁለት ጉዳት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ የገጨው ያደረሰው፣ ሌላው ሊረዳ የመጣው ያደረሰው። ሁለቱን ሳትለዩ ትጠገን ወይም ትወገድ አትበሉ።