ግዝት የተጣለባት የስፖርት መኪና

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ዝናቡ ወደ ብየዳ ቤቴ መጣና በስልኩ ያለ ቪዲዮ አፍንጫዬ ሥር ደቀነ። በየት አገር እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ሰው የጥንት የስፖርት መኪና አስመስሎ በገዛ ግቢው በእጁ ሠርቷል። ቀይ ናት፣ ጣሪያ የላትም፣ አፍንጫዋ ረጅም ነው። ሰውየው አስነስቶ በአስፋልት ላይ ሲያስወነጭፋት ዝናቡ በቁጭት ራሱን ነቀነቀ።

«አየህ? የሰው ትሮጣለች» አለኝ።

ከዚያ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ዝናቡ የሠርጌ አንደኛ ሚዜ ነው። ጉልበቱን ባመመው ቁጥር የእኔን መኪና ይረግማል፤ እኔም መብቱ ነው እላለሁ።

በወጣትነቴ እዚሁ ሰቆጣ የብረት በርና መስኮት እበይድ ነበር። ብርነሽን ያየኋት ገበያ ላይ ማር ስትሸጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማር የማልወደው ሰውዬ የለየለት ማር በላተኛ ሆንኩ፤ እናቴ ይኸ ልጅ ምን ነካው እስክትል ድረስ። በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ጋሽ ኪሮስ በአምደወርቅ መንገድ ከከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ገበሬ ነበሩ። ሽማግሌዎቹን ደጋግመው ካመላለሱ በኋላ እሺ ቢሉም አንዲት ነገር ጣል አደረጉ።

«በሬ የለው፣ በቅሎ የለው። ልጄን በምን ሊወስዳት ነው? በመስኮት?»

ይህ ነገር ከነከነኝ። በዚያን ጊዜ ጸጉር አስተካካያችን ቤት ግድግዳ ላይ የአንዲት የድሮ የጣሊያን የስፖርት መኪና ሥዕል ተለጥፎ ነበር፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ መኪና። ጸጉሬ አደገም አላደገም እየሄድኩ አያት ነበር። እሷኑ አስመስዬ ሠርቼ ብርነሽን በእሷ ካላመጣሁ ብዬ ማልሁ።

ክረምቱን ሙሉ በእናቴ ጓሮ ስቀጠቅጥ ከረምኩ። አካሏ የተቀደደ የነዳጅ በርሜል ነው። ሞተሯ ከተጣለ ሞተር ሳይክል ወጣ። መሪዋ ከእናቴ የስፌት መኪና ሥር የተፈታው ትልቁ መዘውር ነበር፤ ለዚህ የተቀበልኩትን እርግማን እዚህ አልጽፈውም። ሥዕሉ የሚያሳየው ግራ ጎኗን ብቻ ስለነበረ ቀኝ ጎኗን በግምት ሠራሁት። የበር ሠሪ ግምት ደግሞ ያው በር ነው፤ በቀኝ በኩል ከውጭ የሚዘጋ ወፍራም መቀርቀሪያ ገጠምኩላት። ቀይ ቀለም ስላልተገኘ የአጥር በር በምቀባበት አረንጓዴ ቀባኋት። የሞተር ሳይክል ሞተር የኋላ ማርሽ ስለሌለው ወደ ኋላ አትሄድም። ወደ ፊት ግን እንዴት ያለች ነበረች! መስከረም ላይ አደይ በወጣበት ሜዳ ስሞክራት ንፋሱ ዓይኔን እስኪያስለቅሰው ድረስ ሮጠች። ብርነሽ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ንፋሱ ሲያውለበልበው ታየኝ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ማሽላው ተወቅቶ አውድማው ባዶ ነው፤ መንገዱ ዱቄት የሆነ አቧራ ነው። ሚዜዎቼ በተዋሷቸው በቅሎዎች፣ እኔ በመኪናዬ መንደሯ ስንደርስ አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አሮጊቶቹ በኽምጣንጋ እየተነጋገሩ ይንፈቀፈቃሉ። ቋንቋውን የሚያውቀው ዝናቡ ስለሆነ ምን እንደሚሉ ጠየቅሁት።

«በር እየነዳ መጣ ነው የሚሉት» አለኝ።

ሥጋው ተበላ፣ ጠላው ተጠጣ፤ ሙሽራ ማውጫው ሰዓት ደረሰ። ጋሽ ኪሮስ ከዘራቸውን ይዘው መኪናዋን ዞሩና ሁለቱን መቀመጫዎች ተመለከቱ።

«ይቺ ለሙሽራዪቱ፣ ይቺ ለሚዜው። ጥሩ ነው። አንተስ በምን ትሄዳለህ?»

በአገራችን ወግ ሙሽራ የምትሰጠው ለአንደኛው ሚዜ ነው። ወንድም ሊሆናት ምሎ ይረከባታል፣ በበቅሎም ቢሆን እሱ ደግፎ ይዞ ነው እስከ ሙሽራው ደጅ የሚያደርሳት። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። እኔ ግን ያን ሁሉ ወር ስቀጠቅጥ ለሚዜ መቀመጫ ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ ሽው ብሎ አያውቅም።

«ጋሼ፣ የምነዳው እኮ እኔ ነኝ።»

«ሚዜውስ?»

«በበቅሎ ይከተለናል።»

«ልጄን የማስረክበው ለሚዜው ነው። አንተንማ ገና መች አውቅሃለሁ? ሚዜ በሌለበት አትወጣም። በቃ።»

ባዶዬን ልመለስ ነው ማለት ነው። ከሠርጉ ባዶውን የተመለሰ ሙሽራ በዋግ ምድር ለሰባት ትውልድ መተረቻ ነው። ዝናቡን ከኋላ ክዳኑ ላይ ብናስቀምጠው ቆርቆሮው ጎደጎደ። እሱ ይንዳ ተባለ፤ ዝናቡ ብስክሌት እንኳ ነድቶ አያውቅም። አንዱ ጠላ ያሞቀው ደግሞ ሙሽራው በእግሩ ይከተል አለ። ፀሐይዋ ስታዘነብል አልቅስ አልቅስ አለኝ።

በመጨረሻ ጥግ ይዘው ጠላቸውን ሲጠጡ የነበሩት የቤቱ የነፍስ አባት፣ አባ ተድላ፣ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ሚዜ እጁ ከሙሽራዪቱ የማይለይ ነው። እጁ ከመኪናይቱ ካልተለየ ከእሷም አልተለየም። ስለዚህ ሙሽራው ይንዳ፤ ሚዜው መኪናይቱን ይዞ ይሂድ።»

«እስከ ደጃቸው?» አሉ ጋሽ ኪሮስ።

«እስከ ደጃቸው።» አባ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ዝናቡ ዞሩ። «እጅህ ከዚህች መኪና እንዳይለይ ገዝቼሃለሁ!»

ግዝት ነው እንግዲህ፤ ማን ይጥሰዋል? ዝናቡ በተዋሰው ኮትና በአዲስ ጫማው የመኪናዋን ጭራ ይዞ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ትንሽ ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር «ግዝቱን! ግዝቱን!» እያለ ይጮሃል። በቅሎዎቹ ቀደሙን። ከገበያ የሚመለሱ አህዮች ቀደሙን። አንዲት አሮጊት ከአህያቸው ኋላ ሆነው አዘኑልን።

«ምነው ልጆቼ፣ ተበላሸችባችሁ?»

«አይ እማማ፣ ደህና ናት።»

«ደህና ሆና ነው?» አሉና አማትበው አለፉ።

ብርነሽ ተከናንባ ታለቅሳለች። በእኔ አፍራ ነው ብዬ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

«አይዞሽ፣ ነገ ግዝቱ ሲያበቃ እንዴት እንደምትሮጥ ታያለሽ» አልኳት። ከተጫጨን በኋላ ለብቻችን የነገርኳት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ክንብንቧን ትንሽ ገለጥ አደረገች። «እንኳን አልሮጠች። አባቴን እያየሁት ነው።»

ዞር ስል ጋሽ ኪሮስ አውድማው ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ከዓይናችን እስኪጠፉ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። እሷም አንገቷን አልመለሰችም። ከዚያ እያለፍን ሳለ ይኼ ውኃ የምንቀዳበት ነው፣ ያ የንብ ቀፎ የምንሰቅልበት ዛፍ ነው እያለች እያንዳንዱን ነገረችኝ። እኔ እሷን ስለማምጣት ብቻ ሳስብ ነው የከረምኩት፤ የምትተወው አገር እንዳላት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ነዳጁን ቀነስኩ። ዳገቱ ሥር ንፋስ ያጣው ሞተር ግሎ ሲጠፋ ሚዜው፣ አጃቢው፣ መንገደኛው ሁሉ ገፍቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰቆጣ አስገባን። ዝናቡ እጁን ያነሳው እናቴ ደጃፍ ላይ ነው፤ ያነሳውም ለመውደቅ ነው።

ዝናቡ እስከ ዛሬ ያቺ መኪና በሠርጌ ቀን አለመሮጧ ይቆጨዋል። እኔን ግን አይቆጨኝም፤ ይልቁንም ከዓመት ዓመት ለአባ ተድላ ያለኝ ምስጋና ይጨምራል። አምና ትንሿ ልጃችን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ሚኒባሱ አዲስ ነው፣ ሾፌሩም ጎበዝ ነው። ብርነሽ እጇን አንስታ ሳትጨርስ ኩርባውን ዞሮ ተሰወረ። ሾፌሩን የሚገዝት ቄስ ፍለጋ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ በአጠገባችን የነበረው ግን «ቶሎ በል! ቶሎ በል!» እያለ ቀጣዩን መኪና የሚያስወጣ ተራ አስከባሪ ብቻ ነው።