ዙህዲ በዒድ ጠዋት

በፍልስጤሟ ናብሉስ ከተማ በዒድ ጠዋት ያገባች እህቱን ሳይጠይቅ የዋለ ወንድ ያፍራል። ጥየቃው የረሕም ግዴታ ነው። ረሕም ማለት ማኅፀን ነው፤ የሥጋ ዘመድም ረሕም ይባላል፤ ሽማግሌዎቹ የፈጣሪ ርኅራኄም ከዚሁ ቃል የተመዘዘ ነው ይላሉ። የዘኪየ ወንድም ዙህዲ ግን በወይራ ዛፍ ውርስ ከተጣሉ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጠም።

ዘንድሮ ያ የሚጎተት እግሩ ደረጃው ላይ ሲሰማ ልቧ ዘለለ። ሮጣ ከፈተች።

«አልታረቅኩሽም!» አለ ገና ሳይገባ። «የመጣሁት ለረሕሙ ብዬ ነው!»

«እሰይ! እንግዲያው ረሕሙ ይግባና ይብላ፤ አንተ እዚያው ቁም!»

ዙህዲ ሳቁ አመለጠው። ገብቶ ተቀመጠና በቴምር የተሞላውን የዒድ ብስኩት ፈራ ተባ እያለ ገመሰው። ለውዝ ከልጅነቱ ጀምሮ ጉሮሮውን ያሳብጠዋል፤ በእናታቸው ቤት ወግ ደግሞ ቴምሩ ከለውዝ ጋር ነው የሚታሸው።

«ለውዝ የለውም!» አለ ደንግጦ። «እንደምመጣ ማን ነገረሽ?»

«ማንም» አለች ሳህኑን ወደ እሱ እየገፋች። «በየዒዱ እንዲህ ነው የምጋግረው።»