ፊሊሞን ያልፈራበት ስንዝር

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ነበር ወይ? ሃያ አንድ ከሆነማ የጽዮን ማርያም ዕለት ነው፤ የሽሮ ሜዳ መንገድ በነጭ ለባሽ ይሞላ ነበር። እኔ የማስታውሰው ግን ጭር ያለ መንገድና የጤና ጣቢያውን በር ተደግፎ የቆመ አንድ ሰው ነው። እንግዲህ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ይሁን። ብቻ ሁለታችንም ልባችንን ይዘን የመጣንበት ቀን ነው።

ሰውየው ፊሊሞን ይባላል። ከጨንቻ በልጅነቱ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ ሲሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል። በአሥራ አራት ዓመት እበልጠዋለሁ። አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሁለታችንም እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን ስንተያይ ሳቅን። ሐኪሟ በየተራ አስገብታ ያንኑ ነገር ነገረችን፤ ልባችሁ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው። መድኃኒት አዘዘችልን፤ በየወሩ እየመጣችሁ አነጋግሩኝ አለችን። ስንወጣ ፊሊሞን፣ «ጋሼ፣ እኔስ ልብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለሰው ለመናገር ይቀላል» አለኝ።

ከአንድ መስመር ተነሳን ማለት ነው። በኋላ የቀናሁበትም ለዚህ ነው።

በአንድ ጸሎት ቤት እንደምናመልክ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ወንበሬ ከፊት ነበር፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ በሽማግሌነት ያገለገለበት ቤት ነው፤ የጸሎቱ ድምፅ ዛሬም ከግድግዳው የሚወጣ ይመስለኛል። ፊሊሞን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ጭንቀቱ ሲመጣበት ቶሎ ለመውጣት። በሁለተኛው ዓመት ወደ መሃል ገባ። በሦስተኛው ዓመት ከሚስቱ ከፀጋ ጋር ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ አየሁት። በዚያን ጊዜ እኔ ወደ በሩ ተጠግቼ ነበር።

ምን አገኘ? ከዚያ ወዲህ ማወቅ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው።

ሰበብ እየፈጠርኩ ቀጨኔ ካለው ቤቴ ወደ ሥራ ቦታው መመላለስ ጀመርኩ። ዛሬ ነጠላ ለማሳየት፣ ነገ ጋቢ ለመጠየቅ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ይሠራሉ። ፊሊሞን ጭንቀቱ ሲመጣበት ሥራውን አያቆምም። መወርወሪያውን ወደ ቀኝ ሲልክ «ጌታ ሆይ» ይላል፤ ወደ ግራ ሲመልስ «አለህ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ጌታ ሆይ፣ አለህ። ጌታ ሆይ፣ አለህ። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ከመወርወሪያው ጋር ይገጥማል፣ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ፊቱ ይፈታል።

አጠገቡ የሚሠራው መላኩ ቀልደኛ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ አለህ፣ አለህ እያለ ነው። እኔ ብሆን እስካሁን ‹አዎ አለሁ፣ በቃ ተወኝ› እለው ነበር።»

«አንተን ማን ጠራህ?» አለው ፊሊሞን፣ እጁን ሳያቆም።

እኔም ሞከርኩት። መወርወሪያ ስለሌለኝ የቀጨኔን ዳገት ስወጣ በእርምጃዬ ላይ አደረግሁት። በቀኝ እግሬ ጌታ ሆይ፣ በግራ አለህ። ዳገቱ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝና የሰው አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ቤት ስደርስ ሚስቴ ሄራን ፊቴን አየችና፣ «ለምን እንደ ፊሊሞን…» ብላ ጀመረች።

«ፊሊሞን፣ ፊሊሞን። እሱን አታገቢም ነበር?»

«ፀጋ ቀደመችኛ» አለች እየሳቀች። ቆይታ ግን ሳትስቅ፣ «አንተ እኮ ለጸሎት የምትቀመጠው ለፈተና እንደሚቀመጥ ሰው ነው። ገና ሳትጨርስ ውጤት ትጠብቃለህ» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ አናደደኝ።

በ2017 ጥር ላይ ፊሊሞን የሙሽራ ቀሚስ ይዞ ነበር፤ ጨርቁ ለቅዳሜ ልብስ ሰፊው ዘንድ መድረስ ነበረበት። ረቡዕ ከሰዓት ስገባ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ጠዋት ጭንቀቱ በርትቶበት ዐይኑን ጨፍኖ እየጸለየ ሠርቶ ኖሯል። እጁ ለምዶታልና ነጩን አሳምሮ ሸምኖታል፤ ጥበቡን ግን ረስቶታል። ጥበብ ያለ ዐይን አይሠራም፤ ባለ ቀለሙ ክር እየተቆጠረ ነው የሚገባው። ጥለቱ መሃል ላይ ባዶ ነጭ ጨርቅ ወጣ።

«ሙሽራዋ እዚህ ጋ ስትደርስ ሐሳቧን የቀየረች ትመስላለች» አለ መላኩ።

ደስ አለኝ። አልደብቅም። ስንት ጊዜ የቀናሁበት ጸሎት ሥራ ሲያበላሽ በማየቴ ደስ አለኝ። «አየህ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ፊሊሞን ግን ጨርቁ ላይ ጎንበስ ብሎ በእጁ ይለካ ነበር። አውራ ጣቱን ነጩ ከጀመረበት ላይ አሳርፎ መዳፉን ዘረጋ፤ ከዚያ አራት ጣት ጨመረ።

«ስንዝር ከጋት» አለ። «ጋሼ፣ ይዩልኝ። ስንዝር ከጋት ሙሉ አልፈራሁም።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ፈራሁ። ቅዳሜ ደረሰ እኮ።» ሳቀ። «እየፈራሁም ቢሆን እፈታዋለሁ። ጌታ እንደሆነ አለ።»

መወርወሪያውን በመጣበት መንገድ እየመለሰ ክሩን መፍታት ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጨርቁን ለሰፊው አስረክቧል፤ መላኩ ነው የነገረኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የቀናሁት ፍርሃቱ ስለለቀቀው መስሎኝ ነበር። ያ ቢሆን ዕድል ነው ብዬ ልተወው እችላለሁ። ያልለቀቀው ሆኖ ሲገኝ ቅናቴ ባሰ። የእሱም ፍርሃት የእኔው ዓይነት ነው፤ ግን ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን አይደለም። እኔ ብቻዬን ነኝ። አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ «መጀመሪያ አምነህ ነው ‹አለህ› ያልከው፣ ወይስ እያልክ ነው ያመንከው?» ይህን ለመጠየቅ ግን የሽማግሌው ልጅ ሆኜ ‹አላውቅም› ማለት ሊኖርብኝ ነው። እሑድ እሑድ እጁን እየጨበጥኩ ስለ ብርዱ አወራሁት። አምስት ወር እንዲሁ አለፈ።

ሰኔ ላይ አንድ እሑድ ሄራን ከጸሎት ቤት ስንመለስ፣ «ፀጋ ስትሰናበተኝ አለቀሰች። የፊሊሞን እናት ደክመዋል፤ ነገ ጠቅልለው ጨንቻ ሊገቡ ነው» አለችኝ።

«ለእኔ ምንም አላለኝም።»

«ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

በማግስቱ በጠዋት ሄድኩ። ክፍሏ ውስጥ መላኩ ብቻውን ነበር፤ ከአጠገቡ ያለው ጉድጓድ ባዶ ነው። «አሁን ወጡ። ይሮጡ፣ ይደርሱባቸዋል» አለኝ።

ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሸማ ነጋዴዎቹ እያዩኝ ሮጥኩ። የሚወስዳቸው አይሱዙ መኪና አስፋልቱ ዳር ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ላዩ ላይ የሽመናው እንጨት በገመድ ታስሯል። ፊሊሞን በመስኮት አየኝና ፊቱ በራ።

«ጋሼ! ደህና ይሁኑ። ይጸልዩልኝ እሺ?»

«ፊሊሞን፣ አንዴ፣ አንድ ነገር…»

ሾፌሩ አልሰማኝም። መኪናው ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ወረደ።