ሁለት አያቶችና አንድ የሽንት ጨርቅ

ልጄ ገና ክርስትና ሳትነሣ መቀመጫዋ ተላጠ። ባለቤቴ ደሴ በሄደ ቁጥር በሁለት እጁ አቅፎ የሚያመጣው ዳይፐር ለሌላው ልጅ ተስማምቶት ይሆናል፤ የእኔዋን ግን እንደ በርበሬ አቃጠላት። ስትታጠብ እሷ ትጮሃለች፣ እኔ አብሬያት አለቅሳለሁ። አራስ ሆደ ባሻ ናት ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ አየቻትና፣ "ዳይፐሩን ለጊዜው ተዪው። ቅባቱን እየቀባሽ ያረጀ፣ የለሰለሰ የጥጥ ጨርቅ አድርጊላት" አለችኝ። ቀላል ነገር መሰለኝ። መካነ ሰላም ውስጥ ያረጀ ጨርቅ የሌለው ቤት የት አለ?

ችግሩ፣ በዚያ ክረምት ቤታችን ውስጥ ሁለት አያቶች ነበሩ። እናቴ ልታርሰኝ ከኩታበር መጥታለች፤ አማቴም የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከደጎሎ መጥተው ሰንብተዋል። ሁለቱም ደጎች፣ ሁለቱም ጨዋዎች ናቸው። ጣጣው ጨዋነታቸው ነበር። ምግብ ሲቀርብ "እርስዎ ይጀምሩ"፣ "ኧረ እርስዎ" ሲባባሉ ወጡ ይቀዘቅዛል። ፊት ለፊት "ተሳስተዋል" መባባልማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የማይስማሙበት ነገር ሲመጣ የሚነግሩት ለልጄ ነው። ልጄ ደግሞ አንገቷ እንኳ ገና አልጠናም።

የነርሷን ትእዛዝ እንደሰሙ አማቴ ከሻንጣቸው ጋቢ አወጡ። የሟቹ ባላቸው ጋቢ ነበር፤ ከመታጠብ ብዛት እንደ ቅቤ ለስልሷል። እናቴ ዳሰሰችው፣ አመሰገነችው፣ ከዚያም ልጄን አንሥታ ታቀፈቻት።

"የእኔ እመቤት" አለቻት፤ "አያትሽ ነፍሳቸውን ይማርና ትልቅ ሰው ነበሩ። ብቻ ክርክር ይወዱ ነበር አሉ። አንቺ እንደሆነ ከአሁኑ ጩኸት ለምደሻል። ፍርድ ቤት ደጅ ስትመላለሺ ብታድጊ ማን ይመልስሻል?"

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በእናቶቻችን ዘንድ ሕፃን የተጠቀለለበትን ጨርቅ ባለቤት ጠባይ ይወርሳል። የሽንት ጨርቅ መምረጥ ማለት ሰው መምረጥ ነው። የባለቤቴ አባት ደግሞ ለአንድ ክንድ ድንበር ጎረቤታቸውን ሲከሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎረቤትየው ሲሞት ከሁሉ ይልቅ ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ፤ የሚከሱት ሰው አጥተው ነው ይላል ባለቤቴ።

እናቴ የራሷን ነጠላ አቀረበች። አሁን ልጄን የመታቀፍ ተራ የአማቴ ሆነ።

"የኔ ዓለም" አሉ፤ "የእናትሽ እናት ነጠላ ንጹሕ ነው፣ ምን ይወጣለታል። ብቻ ባለቤቱ ሲመጡ ከኩታበር እዚህ ድረስ መንገዱ አልቆ ወሬያቸው አላለቀም አሉ። አንቺ አፍሽን ሳትፈቺ ይኼን ሁሉ ከየት ታመጪዋለሽ?"

ከአራስ አልጋዬ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ፣ "ስለ ጠባይዋ ኋላ እናስባለን፤ መጀመሪያ መቀመጫዋን አድኑልኝ" አልኩ። ሁለቱም አንድ ላይ፣ አራስ ስትቆጣ ወተቷ ይደርቃል ብለው መለሱልኝ። በዚህስ ተስማሙ።

ባለቤቴ ነገር ሊያበርድ ገበያ ወጣና አዲስ ነጭ አቡጀዴ አስለክቶ መጣ። "የማንም ጠባይ የለበትም" አለ፣ ኮራ ብሎ። የቁርአን አስተማሪው ሚስት፣ ጎረቤታችን፣ ማር ይዛልኝ መጥታ ተቀምጣ ነበር። ጨርቁን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ያረቢ፣ ይኼ እኮ ለከፈን የሚገዛው ነው።"

"እኛም ሙት የምንገንዘው በእሱ ነው" አለች እናቴ።

ነጋዴው ጨርቁን ጠቅልሎ ሲሰጠው "እግዚአብሔር ያጽናህ" ማለቱን ባለቤቴ ያስታወሰው ያን ጊዜ ነው። ለአራሷ የተመረቀ መስሎት "አሜን" ብሎ መጥቷል። አቡጀዴው ከቤት ወጣ፤ ባለቤቴም ተከትሎት ወጣ።

ልጄ ማልቀሷን አላቆመችም። ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞር ብላ "አብሽሪ" አለችኝና ነጠላውንና ጋቢውን በየተራ ጉንጯ ላይ እያስነካች ልስላሴያቸውን አየች። እሷ የማንም አማት ስላልሆነች ይሉኝታ አልያዛትም። "ጋቢው ይሻላል" ብላ ቡናማ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

አማቴ ረቱ። ጋቢ ድርብርብ ስለሆነ ካልተፈታ በእኛ አገር ጉም አይደርቅም፤ ምላጭ ተቀብለው ጠርዙን መፍታት ጀመሩ። ጥቂት እንደፈቱ እጃቸው ቆመ። ጋቢውን ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ እዚያው ቆዩ። መጋረጃው ገርበብ ብሎ ስለነበር አየኋቸው። ለካ ጋቢውን በሻንጣቸው ይዘው የመጡት ለልጄ ብለው አልነበረም። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ማታ ማታ ከሻንጣቸው አውጥተው የሚተኙት እሱን ለብሰው ነው።

እናቴም አይታለች። ልጄን አምጥታ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠቻትና ባዶ እጇን ወደ አማቴ ዞረች። በመሃላቸው ሕፃን ሳይኖር ሲነጋገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ይተዉት" አለች። "እርስዎ ሌሊት ምን ሊለብሱ ነው? የእኔ ነጠላ ይበቃታል። ለፍላፊ ብትሆንም ትሁን።"

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ባሌን ሰው ረትቶት አያውቅም" አሉ። "እስቲ ይቺ ትርታው።"

እናቴ እንዲያ ከሆነ ግማሹን ድርብ ብቻ እናውጣ፣ ግማሹ ለእርስዎ ይቅር አለች። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን አማቴ ይዘው ፈቱት፤ ከዚያ የልጄን ድርሻ በልክ በልኩ ቀደዱት።

ያን ዕለት ልጄ ጨርቅ ሲታሰርላት አልጮኸችም። ብዙም ሳትቆይ አራሰችው። አማቴ እጃቸውን ከሥሯ ሰደድ አድርገው ዳሰሱና፣ ለልጄ ሳይሆን ለጨርቁ፣ "ተረታህ" አሉት። ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።